በብላሽ ወረቀት ጀርባ

ሰናይት ስትደውልልኝ ከጎፋ ወደ መካኒሳ አቦ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ጭኔ ላይ የሰው መጽሐፍ ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት ለእርማት የሚወጣ ቅጂ፣ ይዣለሁ። ሰናይት የማተሚያ ቤታችን የገጽ አቀናባሪ ናት፤ ያለ ጉዳይ አትደውልም።

"አስቱዬ፣ የጋሽ ደምሴን ነገር ሰማሽ?"

ጋሽ ደምሴን ከቀበርን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። "ከሞት ወዲያ ምን የሚሰማ ነገር አለ?" አልኳት።

"ወረቀታቸውን ባለቤታቸው ለቆራሌው ሰጥተውታል። ከጠርሙስና ከተሰበረ ራዲዮ ጋር አብሮ ሄደ።"

"የቱን ወረቀት?"

"የቱን እንደሆነማ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ስልኩን ዘጋሁና "ወራጅ አለ!" አልኩ። ሰፈሬ ገና ነበር። ወያላው በሩን እየከፈተ "ማዘር፣ እዚህ ደግሞ ምን አለሽ?" አለኝ። ምንም የለኝም። ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩና አንድ ቃል ተናገርኩ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። የቤተ ክርስቲያናችን የእኅቶች ጸሎት አስተባባሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ የሰማ ሰው የለም፤ እኔም ሰምቼው አላውቅም።

የተናደድኩት በቆራሌው አልነበረም። በማን እንደሆነ ለመናገር ከሥራው መጀመር አለብኝ።

ከዱራሜ የመጣሁት የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። አክስቴ መካኒሳ ስለምትኖር እሷ ጋ አረፍኩ። ዛሬም "ቤትሽ የት ነው?" ሲሉኝ አፌ ዱራሜ ሊል ይነሣና መካኒሳ ይላል። በመጣሁ በሦስተኛው ወር ጎፋ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ታች ማሽኑ፣ ላይ ጽሕፈት ቤቱ። ማሽኑ ሲነሣ ላይኛው ወለል ይንቀጠቀጣል።

የእርማት ክፍል ኃላፊው አቶ ሲሳይ አንድ ገጽና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝ። "ስሕተቱን አውጪ" አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ስሕተት ነበረው። አሥራ ዘጠኙንም አወጣሁ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ደራሲው አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ዞሮ የተናገረበት ዓረፍተ ነገር ስለነበር አሳጥሬ ከጎኑ ጻፍኩት።

አቶ ሲሳይ አሥራ ዘጠኙን አዩና አለፉት። ዓረፍተ ነገሬን ሲያዩ ግን ሰረዙት። "ይሄ ምንድነው?"

"እንዲህ ቢሆን ያምራል ብዬ ነው።"

"ማን ጠየቀሽ? አራሚ ፊደል ያያል። እንዲያምር የሚጨነቅለት ደራሲ አለ።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "አማርኛ የቤታችሁ ቋንቋ ነው?"

"አይደለም። በትምህርት ቤት ነው የተማርኩት።"

"ለዚህ ነዋ ፊደሉን አጥርተሽ የምታዪው! ሌላው ሰው የሚያውቀው እየመሰለው ያልፈዋል። ተቀጥረሻል። ግን ልብ በይ፣ የተቀጠርሽው ለዓይንሽ ነው።"

እጅ ነሥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ማመስገኔን ሳስበው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ለወጣቶቹ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ አሁን ብዙ ቦታ ቀርቷል። እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነበር። አንዱ የደራሲውን ዋና ቅጂ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላው ፕሩፉን ይዞ በዓይኑ ይከተላል፤ ያልገጠመውን በቀይ ያመለክታል። የሚነበበው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓተ ነጥቡም በአፍ ይጠራል። "ጥቅስ ክፈት፣ ነይ አላት፣ ጥቅስ ዝጋ፣ አራት ነጥብ፣ አዲስ መስመር" እየተባለ ቀኑ ይመሻል። አንድ ነጠላ ሰረዝ ውጦ ያለፈ አንባቢ ሻይ ይጋብዛል። አንድ መጽሐፍ ሦስት ፕሩፍ ይወጣለታል፤ ሦስተኛው ሲያልቅ አቶ ሲሳይ "ይታተም" ብለው ይፈርማሉ። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ስሕተት የሰይጣን ነው ይባል ነበር። እኔ እንዲህ አልልም፤ የእኛው ነው።

ማዕረጉ ጀማሪ አራሚ፣ አራሚ፣ ከፍተኛ አራሚ ነው። እኔ ጀማሪ ሆኜ ስገባ ከፍተኛ አራሚው ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ ከእሳቸው ጋር ተጣመርኩ። ቀጭን፣ ኮታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ ሰው ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ከአንድ ጠረጴዛ አልተነሣንም።

"ጴንጤዋ፣ ጸሎትሽን ከጨረሽ ገጽ አርባ ላይ ነን" ይሉኛል ጠዋት።

"ለእርስዎም ጸልዬልዎታለሁ፣ ጋሼ።"

"ለዓይኔ ብቻ ጸልዪ። የቀረውን እኔው ራሴ እከራከርበታለሁ።"

ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። በእነዚያ ቀናት እኔ ምሳዬን የፍስክ ይዤ አልመጣም። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ማተሚያ ቤቱ አልፎ አልፎ በራሱ ስም መጽሐፍ ስለሚያወጣ ሰዎች ረቂቅ ያመጣሉ። ረቂቁን የሚመዝኑት አቶ ሲሳይ ናቸው። ያልወደዱት ላይ "ተመላሽ" የሚል ማኅተም ይመቱበታል። ደራሲው መጥቶ ካልወሰደው፣ ረቂቁ ከብላሹ ወረቀት ጋር ይከመራል። ብላሽ የምንለው ማሽኑ ያበላሸውን ነው፤ አንድ በኩሉ ባዶ ስለሆነ አይጣልም። የእኛ ፕሩፍ የሚወጣው በዚያ ክምር ላይ ነበር። በወረቀቱ ፊት የተሳካለት ደራሲ፣ በጀርባው ያልተሳካለት። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም፣ ሁለቱን እያገላበጥኩ ኖርኩ።

ምሳ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረን። አንዱ ከክምሩ አንድ ገጽ ይመዝና እንደ ተዋናይ ድምፁን አጎርንኖ ያነባል። በዚህ የሚያህለው ያልነበረው የማሽን ክፍሉ ከድር ነው።

"'ዓይኖቿ እንደ ሁለት ፀሐይ ያበሩ ነበር'" ይላል። "ኧረ ጎበዝ! ሰውዬው ታዲያ አልተቃጠለም?"

"በጥቁር መነጽር ነዋ ያፈቀራት!" ትላለች ሰናይት።

ጠረጴዛው ይናጋል። አቶ ሲሳይ እንኳ ፈገግ ይላሉ። ጋሽ ደምሴ ምሳቸውን አቀርቅረው ይበላሉ።

እኔ እስቅ ነበር። ትንሽ አይደለም፣ እንባዬ እስኪወርድ። አንድ ቀን ራሴ መዝዤ አነበብኩ። አንዲት ሴት ስለ ልጇ የጻፈችው ነው፤ "ልጄ የተኛበትን አልጋ በቀን ሰባት ጊዜ አነጥፋለሁ" ይላል። "ምነው፣ የሆቴል ሠራተኛ ናት?" አልኩ፤ ሁሉም ሳቀ። ገጹ ታች ስደርስ ልጁ የሞተ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከተሳቀ በኋላ ነው ያጠፍኩት። ማንም "ነውር ነው" አላለኝም፤ እኔም ለራሴ አላልኩም። ፍርሃቴ ከየት መጣ ለሚለኝ ሰው መልሱ ይሄ ነው፤ ከዚያ ጠረጴዛ ነው የመጣው። የምፈራው ክፉ ሰዎችን አልነበረም። እኔን ነው።

ሥራ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት መጻፍ ጀመርኩ። ስለ እናቴ ነው። እናቴ የመንደራችን አዋላጅ ነበረች። ስሟን ቀይሬ ልብ ወለድ አደረግሁት። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ፤ እጸልያለሁ፤ ለሥራ እስክወጣ ድረስ እጽፋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ምዕራፍ አለቀ። የቀረው አንድ ምዕራፍ ነው፤ እናቴ ምጥ የያዛት ሴት በራችንን ስታንኳኳ አልከፍትም ያለችበት ቀን። ያን ቀን አውቀዋለሁ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ በሩ ሥር ነበርኩ።

እሱን አልጻፍኩም። ይልቅ አሥራ አንዱን ማረም ጀመርኩ።

አንደኛ ፕሩፍ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ለሰው መጽሐፍ ሦስት ይበቃል። የእኔ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ "ዝናብ" የሚለውን "ካፊያ" አደረግሁት፤ በዓመቱ መልሼ "ዝናብ" አልኩት። ይህን በሽታ ከአራሚ በቀር የሚታመመው የለም። ስሕተት መፈለግ ሙያዬ ነው፤ ከፈለግሁ አላጣም። ስሕተት እስካለበት ድረስ ደግሞ ለሰው አይታይም። በዚህ ዓይነት ሰው ሳይሰድበኝ፣ ትጉህ ተብዬ፣ እስከ መቃብር መሄድ እችል ነበር።

የባሰም አድርጌያለሁ። የጸሎት እኅቶቼ "አስቱ፣ ያ ጽሑፍሽ የት ደረሰ?" ሲሉኝ "የጌታን ጊዜ እየጠበቅሁ ነው" እላቸዋለሁ። "አሜን" ይላሉ። ጌታ ቆዪ አላለኝም። ለፍርሃቴ መሸፈኛ ስሙን ወስጄ ነው። ስለዚህ በጉልበቴ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ለእኅቶቼ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ይኸው አሁን ነገርኳችሁ።

አንድ ቀን የንብ እርባታ መጽሐፍ እናርም ነበር። ጋሽ ደምሴ ያነባሉ፣ እኔ እከተላለሁ። ስለ ቀፎ አነበቡ፣ ስለ ጭስ አነበቡ፣ ገጽ ገለጡ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤ "ዘበኛው በሩን ቆለፈ ነጠላ ሰረዝ ቁልፉን ኪሱ ከተተ ነጠላ ሰረዝ ከዚያ በኋላ ነው ውጭ መቆም የነበረበት እሱ መሆኑን ያስታወሰው አራት ነጥብ።"

ፕሩፌን አየሁ። ዘበኛ የሚባል የለም። አቋርጣቸዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ የሚጠነቀቅ። ሰናይት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ዞረች። ሙሉ ገጹን አነበቡ። ዘበኛው ከነጋ በኋላ ለባለቤቶቹ ምን እንደሚላቸው እየተለማመደ ነበር፤ እያሳቀ የሚያሳዝን ነገር ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ እኔ ጋ የለም" አልኩ መጨረሻ ላይ።

ወረቀቱን አዩት። አራት ቦታ አጠፉትና ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። "ተቀላቅሎብኝ ነው። ንቡ ጋ ነበርን።"

ሻይ ሰዓት ላይ ደረጃው ጋ ያዝኳቸው። "የእርስዎ ጽሑፍ ነው?"

"በጆሮዬ ልሰማው ፈልጌ ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምን እንደሚመስል።"

"ይጨርሱት እንጂ ታዲያ!"

"ከጨረስኩት ሰባት ዓመቱ ነው።"

"ለአቶ ሲሳይ ለምን አይሰጧቸውም?"

"ከዚያ በማግስቱ ከድር ምሳ ላይ ያንብበው?" ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። "አንቺስ? ጠዋት ጠዋት ጣትሽ ቀለም ነክቶት የምትመጪው ለእግዜር ደብዳቤ እየጻፍሽ ነው?"

አፈርኩ። ያን ሰዓት ማለት የነበረብኝ "ይስጡኝ፣ ላንብበው" ነው። ሁለት ቃል። ያልኩት ግን ሌላ ነው። "ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ቢቀር ይሻላል" አልኳቸው። አዝኜላቸው አይደለም። እሳቸው ከደፈሩ እኔ የምደበቅበት አይኖረኝም፤ ለዚያ ነው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ንቡ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አንሥተውት አያውቁም።

ጡረታ ወጡ። እኔም በሦስተኛው ዓመት ሥራውን ለቅቄ ቤቴ ሆኜ ማረም ጀመርኩ። እሳቸው ታመሙ፣ ጠየቅናቸው፤ ሞቱ፣ ቀበርናቸው። ከዚያ ሰናይት ደወለች።

በማግስቱ ጎፋ ቤታቸው ሄድኩ። ልጣላ ነው የሄድኩት፤ አልዋሽም። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ጥቁር ለብሰው በር ላይ ተቀበሉኝ።

"እትዬ፣ ያ ወረቀት እኮ መጽሐፍ ነበር።"

"የምን መጽሐፍ?"

"እሳቸው የጻፉት። ልብ ወለድ።"

ሴትየዋ ቁጭ አሉ። "ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ዕድሜ ልኩን ከማተሚያ ቤት ብላሽ እያመጣ ያከማች ነበር። ለእሳት ማያያዣ፣ ለመደርደሪያ ማንጠፊያ ይሆናል እንል ነበር። ኧረ ገልጬ አይቼዋለሁ! ላዩ ላይ 'ተመላሽ' የሚል ማኅተም አለው። የማይፈለግ ነው ብዬ ነዋ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሽ ደምሴ የሕይወታቸውን ሥራ የጻፉት ባልተፈለጉ ረቂቆች ጀርባ ላይ ነው። ለራሳቸው ንጹሕ ወረቀት አልፈቀዱም። ማንም ሳይፈርድባቸው፣ ማኅተሙን አስቀድመው ራሳቸው መረጡት።

"አንድ ቀን እንኳ 'ይሄ የእኔ ነው' አላለኝም" አሉ እትዬ ዘውዴ። ከዚያ አዩኝ። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለት ቀን ከጎፋ እስከ መካኒሳ በየሱቁ ዞርኩ፤ ቆሎ በወረቀት የሚጠቀልሉትን፣ ሚጥሚጣ የሚቋጥሩትን ሁሉ "እስቲ ወረቀቱን ልየው" እያልኩ። አንዷ "እህቴ፣ ቆሎው ነው ወይስ ወረቀቱ የራበሽ?" አለችኝ። አንድም ገጽ አላገኘሁም።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ተነሣሁ። ጸሎቴ አጭር ነበር፤ "ተናድጃለሁ፣ እንደተናደድኩ ተቀበለኝ" ነው ያልኩት። ከጎረቤት ሱቅ ንጹሕ ወረቀት ገዝቼ ነበር። አሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍ በዘጠኝ ጠዋት ጻፍኩት። ስጽፍ እጄ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሲሄድብኝ እስክሪብቶውን ለአክስቴ ልጅ ሰጥቼ ከቤት አስወጣሁት። እናቴ በሩን አልከፈተችም። ምክንያቷንም ጻፍኩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር በእጇ ላይ የሞተች ሴት ነበረች፣ መንደሩም "እጇ ተረግሟል" ብሎ ነበር። የእጇን ሥራ የፈራች ሴት መሆኗን ጽፌ ስጨርስ ነው ያወቅሁት።

ረቂቁን ለአቶ ሲሳይ ወሰድኩ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ወንበሩ ግን ያው ነው። በወሩ ጠሩኝ።

"አስቴር፣ አንቺ እኮ ጎበዝ አራሚ ነሽ" አሉ። ሲጀምሩ ገባኝ።

"አነበቡት?"

"አየሁት።"

"ማየትና ማንበብ እንደሚለያይ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የአዋላጅ ታሪክ ማን ይገዛዋል? ደግሞ አማርኛው፣ እንዴት ልበልሽ፣ የአገር ቤት ሽታ አለው።"

"የትኛው ገጽ ላይ?"

"አጠቃላዩን ነው የምልሽ።"

"አቶ ሲሳይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ 'አጠቃላዩን ስሕተት አለው' ብዬ ፕሩፍ ብመልስልዎ ኖሮ ያባርሩኝ ነበር። ገጹን ይንገሩኝ።"

አልነገሩኝም። ማኅተሙን አንሥተው መቱበት። ድምፁን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ሰምቼዋለሁ፤ በእኔው ላይ ስሰማው ያው ድምፅ ነው፣ አይበልጥም። ሞት የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልመጣም። የመጣው ንዴት ነው። ለዚች ጧ ለምትል ነገር ነው አሥራ አራት ዓመት የበላሁት? ለዚች ነው ጋሽ ደምሴ የተቀበሩት?

ከክፍሉ ወጥቼ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሰዓቱ የምሳ ነበር። ወደ ምሳ ክፍሉ ገባሁ። አሥር ሰዎች ነበሩ፤ ሰናይት፣ ከድር፣ አዳዲሶቹ አራሚዎች። አቶ ሲሳይም ከኋላዬ መጥተው ከዳር ተቀመጡ።

"ተመላሽ የሆነ ጽሑፍ ላነብላችሁ ነው" አልኩ። "እንደ ልማዳችን።"

ከድር ወንበሩን ሳበ። "ኧረ ነይ አስቱ! ናፍቆን ነበር። የማን ነው?"

"የእኔ።"

አሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍ አወጣሁ። ወለሉ የተንቀጠቀጠ ሲመስለኝ፣ ማሽኑ ነው እያልኩ፣ ጀመርኩ። "በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ ነጠላ ሰረዝ እናቴ እሳቱን በአመድ አዳፈነች አራት ነጥብ።"

ከድር ፈነዳ። "አስቱ! እርማት ላይ አይደለሽም እኮ!"

ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ነደደ። በሕይወቴ ሙሉ የፈራሁት ሳቅ ይኸው መጣ፤ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና "ነጠላ ሰረዝ" አልኩ። አፌ ሌላ ንባብ አያውቅም። ጮክ ብዬ ያነበብኩት ሁሉ የሰው ነው፣ የተነበበውም ለስሕተት ነው።

"እኔ የማውቀው ንባብ ይሄ ነው" አልኩት ከድርን። "ሳቅ፣ ግን ስማ።"

ከነነጥቡ አነበብኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳቁ ቆመ። አራተኛው ላይ የማንኪያ ድምፅ ቆመ። "ጥቅስ ክፈት አንቺ የሰው ልጅ ነጠላ ሰረዝ ክፈችልኝ ጥቅስ ዝጋ አራት ነጥብ" ስል ሰናይት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስከ መጨረሻው ቃል አነበብኩት። ወረቀቱን አስተካክዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ጠበቅሁ።

ዝም አሉ።

አቶ ሲሳይ ሰዓታቸውን አይተው ተነሡ። ከድር እጁን ሊታጠብ ሄደ። አንዱ አዲስ አራሚ "እግዚአብሔር ይባርክሽ" አለኝ፤ ሰናይት ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ከማኅተሙ ይልቅ ያ ዝምታ አናደደኝ። ማኅተሙ እንኳ አንድ ነገር ይላል።

መጽሐፉን በጥቂት ቅጂ አስጠርዤ መካኒሳ አቦ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አስቀመጥኩት። ሴቶች ወሰዱት፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀባበሉት። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ስልኬን ፈልጋ ደወለች። ሰላም እንኳ በቅጡ አላለችኝም።

"ምዕራፍ ስምንት ላይ እትብቱን ቸኩለሽ ቆርጠሽዋል" አለችኝ። "ያኔ የነበሩ አዋላጆች የእንግዴ ልጁ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር። እናትሽን ለምን ሞኝ ታደርጊያታለሽ?"

እውነቷን ነው። አስታወስኩ፤ እናቴ ትጠብቅ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሳርመው ያላየሁትን ስሕተት አንዲት የማላውቃት ሴት በአንድ ንባብ አወጣችው። ስልኩን ይዤ አመሰገንኳት፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ አልጋለም።

ለምትጽፉ የምለው አጭር ነው። ጨርሱት። በንጹሕ ወረቀት ጻፉት፤ ስማችሁን ላዩ ላይ አድርጉ፤ የእናንተ መሆኑን ለቤተሰባችሁ ንገሩ። ሦስት ጊዜ አርሙት፣ ከዚያ ስጡ። አንድ ሰው የራሱን ጽሑፍ ሲያሳያችሁ ደግሞ "ስጠኝ፣ ላንብበው" በሉ።

በዚያ ቀን ምሳ ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁ አሥራ አንዳችሁንም አውቃችኋለሁ። ከድር፣ አንተም አለህበት፤ ሰናይትዬ፣ አንቺም፤ አቶ ሲሳይ፣ እርስዎም። ያኔ ያላላችሁኝን አሁን ጻፉልኝ። ምስጋና አልለምንም፤ "ተባረኪ" በቅቶኛል። አሰልችቷችሁ ከሆነ አሰልቺ ነው በሉኝ፤ ዋሽተሻል የምትሉ ከሆነ ዋሽተሻል በሉኝ። ገጹንና መስመሩን ብቻ ጥቀሱ።